በልክ ደብተር የተጻፈ ሽርሽር

የልብስ ሰፊው ሱቅ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አራት ቀን በተከታታይ ተዘግቶ አያውቅም። ሰፊው ጉንፋን ሲይዘው በሻርፕ ተጠቅልሎ ይሰፋል፤ ሚስቱም ጥርሷን በተነቀለችበት ዕለት እንኳ ጉንጯ አብጦ የቀሚስ ጠርዝ ስትዘመዝም ነው የዋለችው። ዘንድሮ ግን አከራያቸው ጣሪያውን ላወርደው ነው አለ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ሲደረድሩ የኖሩ ሰዎች ናቸውና እምቢ የሚሉበት አፍ አልነበራቸውም። ከሐሙስ እስከ እሁድ ሱቁ እንዲዘጋ ተስማሙ።

ሰፊው ቀኑ ሲቆረጥ ዘመድ እንደሞተበት ሰው አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ግን ከካውያው ቀና ሳትል፣ ድምጿን እንደ ዋዛ አድርጋ፣ ታዲያ ለምን ከተማ ደርሰን አንመጣም አለችው። ጥሩ ጥሩ ነገር እንብላ፣ ገበያ እንውጣ፣ የሚታየውን እንይ፤ ሰው የሚያደርገውን እኛስ አንድ ጊዜ ብናደርግ ምናለበት አለች። ይህችን ንግግር ከጠዋት ጀምሮ በሆዷ ስታጠናት ነው የዋለችው። ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና ይሁን አላት። ሚስቱ ተገረመች፤ ይህ ሰው እሷን ለማግባት እንኳ ሁለት ወር ያሰበ ሰው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከተማው ውስጥ አንድያ ልጃቸው አለች። ይህች ልጅ ያደገችው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁልፍ በየቀለሙ ስትለይ ነው፤ አባቷም ከዚያ የተነሳ «ቁልፌ» ይላት ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ኮሌታ ትገጥማለች፤ በሃያ ዓመቷ አባቷ ተጨንቆ የተወውን እጅጌ ፈታ መልሳ ታስተካክላለች። ከሦስት ዓመት በፊት ታዲያ፣ ሱቁ በደንበኛ በተሞላበት ሰዓት፣ አባዬ ሰው አሁን የሚፈልገው ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ ነው፣ እኛም ትልቅ ትንሽ እያልን ሰፍተን ብንሰቅል ይሻላል አለችው። ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ ለሰፊው ስድብ ነው። መስቀያ ላይ ያለ ልብስ የማንም ልብስ አይደለም ባይ ነው። ጨርቅ ሲሆን አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ የሚቆርጠው ሰው፣ ያን ቀን በምላሱ ሳይለካ ቆረጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ልክሽን እወቂ» አላት።

ልጅቷ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ልኬን የምታውቀው አንተ ነበርክ፣ አባዬ» አለችው። «ካደግኩ ወዲህ ግን ለክተኸኝ አታውቅም።» በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ከተማ ገባች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰፊው ቃሉን ልመልስ ቢል አፉ አልታዘዝ አለው፤ ልጅቷም የአባቷ ልጅ ናትና አንገቷን አልሰበረችም። እናት መሐል ላይ ቀረች። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ባሏ ሰፈሩን ዞር ዞር ለማለት ሲወጣ ጠብቃ ከልጇ ጋር በስልክ ታወራለች፤ በሩ ሲንኳኳ ስልኩን ዘግታ ሽንኩርት መላጥ ትጀምራለች። ልጅቷ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንደምትኖር፣ ደረጃው ምን ያህል እንደሚያደክም፣ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ ሁሉ ታውቃለች። በዓይኗ ግን አላየችውም። ባሏን ደብቃ ብትሄድ ክህደት፣ ነግራው ብትሄድ ከልጅቷ ጋር ማበር ሆኖባት ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

አሁን ግን ጣሪያው ተነሳ። ሰውዬውን በመብልና በገበያ አባብላ ልጇ ደጃፍ ታደርሰዋለች፤ ዕቅዷ ይኸው ነበር። ከደረሱ በኋላ የሚሆነውን አላሰበችበትም። ለልጅቷም ትንፍሽ አላለችም፤ ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ከሁሉ ይከፋል። ይህ ካልሆነላት ደግሞ ጣሪያው ዳግም እስኪያረጅ ሌላ ሃያ ዓመት መጠበቅ ሊሆን ነው።

ምክር የጠየቀችው ጎረቤቷን ዳቦ ጋጋሪዋን ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ከተማውን ሁለት ጊዜ አይታ ተወልጄ ያደግኩበት ያህል አውቀዋለሁ የምትል ሴት ናት። ዱቄት የነካ ጣቷን ካርታው ላይ እያሳረፈች፣ ወንዙ ዳር ካለው ቤት አሳ ሳይበሉ መመለስ ኃጢአት ነው አለች። ትልቁ ሙዚየም እንዳይቀርባችሁ፣ መስታወት በመስታወት የሆነው የገበያ አዳራሽ እንዳይቀርባችሁ፣ ጀልባውም እንዳይቀርባችሁ አለች። የሰፊው ሚስት ራሷን እየነቀነቀች ሁሉንም ሰማች። ጎረቤቷ ስትወጣ ሁሉንም ሰረዘች፤ አንዱም ለጫማ ጠጋኙ አይቀርብም። ያሳዘናት አሳው ነው፤ አሳ ነፍሷ ነው።

ከዚያ ካርታውን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ የስፒል ሣጥኗን ከፈተች። ባለ ቀይ ራሱን ስፒል ለመብል፣ ሰማያዊውን ለገበያ፣ ነጩን ለጉብኝት አደረገች። ከልጇ ቤት በአምስትና በስድስት ደቂቃ የእግር መንገድ ያለውን ሁሉ እየፈለገች ወጋች። ዶሮ የሚጠብስ አንድ ቤት አገኘች፤ ኬክ ቤት አገኘች፤ የጨርቅ ገበያው እዚያው ነበር፤ አንድ አሮጌ የሰዓት ማማም አለ። አንድ ነጭ ስፒል ሲተርፋት ሰው ተሳስቶ እንኳ የማይገባበትን የፖስታ ቤት ሙዚየም ወጋችበት። ልጇ ባለችበት መንገድ ላይ ግን ምንም አልሰካችም። ይህን ያህልስ ሞኝ አይደለሁም አለች በልቧ።

ዕቅዱን የጻፈችው በልክ ደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ነው። ደብተሩ ከእሷ እጅ አይለይም፤ ሰፊው ይለካል፣ ቁጥር ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች። ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ የእጅጌ ርዝመት፤ የሰፈሩ ሰው ገላ በሙሉ በእሷ እርሳስ ተጽፏል። ልብሱ አልቆ ደንበኛው መስታወት ፊት ሲቆም ደግሞ ሰፊው አንድ ዙር ዞሮ ያይና «ልክ ነው» ይላል። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ የልጁን የመጀመሪያ ኮሌታ አይቶ እንኳ ያላት ይህንኑ ነው።

ሰፊው መነጽሩን አድርጎ ካርታው ላይ አጎነበሰና ብዙ ቆየ። ሚስቱ ክር በመርፌ ቀዳዳ ልታስገባ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቴ ሳተች። በመጨረሻ ትልቁ ሙዚየም ለምን ቀረ ብሎ ጠየቃት። ደረጃው ይበዛል፣ ለጉልበትህ አይሆንም አለችው። የሰዓት ማማው ደረጃ የለውም ወይ አላት። አለው፣ ግን ጠባብ ነው አለችው፤ ጠባብ መሆኑ ለጉልበት ምን እንደሚረዳ እሷም አላወቀችም። አሳ ቤቱስ አላት። አሳ አጥንት አለው አለችው። ዶሮስ የለውም ሲላት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ የዶሮ አጥንት ይታያል አለችው። ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ወደ ሣጥናቸው መለሰ፣ ካርታውን አጥፎ ሰጣትና እንዳልሽ ይሁን አላት።

ሚስቱን ያስፈራት ይኼ እንዳልሽ ይሁን ማለቱ ነው። ለአንዲት የኮት ቁልፍ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው ነው ለሦስት ቀን ዶሮና ለፖስታ ቤት ሙዚየም ዝም ያለው። ለመንገዱ ልብስ ሲያሰናዱም ከኮቱ ኪስ የሜትሩ ጫፍ ብቅ ብሎ አየች። ለሽርሽር ሜትር ምን ያደርግልሃል አለችው። ልማድ ነው አላት፤ ቀጠለና አንቺስ ደብተሩን ይዘሽ የለም ወይ አላት። ዕቅዱ ያለው እሱ ላይ ነዋ አለችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሸሚዝ ማጠፍ ቀጠሉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከተማ ገቡ። ያረፉበት ፔንሲዮን ጠበብ ያለ ግን ንጹሕ ነበር፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ልብስ የተሰጣበት ግቢ የሚያሳይ አንድ መስኮት። ሰፊው ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ የመጋረጃውን ጠርዝ ገልብጦ አየና ይህን የሰፋው ሰው ቸኩሎ ነበር አለ። ራት ላይ በዕቅዱ መሠረት ዶሮ ቤቱ ሄዱ። ዶሮው ደርቋል፤ ቢላዋ አይገባውም። ሰፊው ያለ አንድ ቃል ቅሬታ በላ። ጨርሶ ሳህኑን እያሳያት፣ እውነትሽን ነው አጥንቱ ይታያል አላት። እሷ እውነቱን ደብቃ ትስቃለች፣ እሱም የደበቀው ነገር ያለ ይመስላል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ዓርብ ጠዋት የጨርቅ ገበያው ውስጥ የዓይን አዋጅ ሆነባቸው። ሐር የመሰለው፣ የሚያብረቀርቀው፣ እንደ ውኃ ከእጅ የሚያመልጠው ሁሉ ተዘርግቷል። ሰፊው እያንዳንዱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እያሸ እንደ ልጅ ፈነጠዘ፤ ሚስቱ እንዲህ ፊቱ በርቶ ካየችው ቆይታለች። ከገበያው መውጫ ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ የሚሸጥበት መደብር ነበር። ይሸሸዋል ብላ ስትጠብቅ ገባ። አንድ ጃኬት አውርዶ ስፌቱን ገለበጠ፣ ገበሩን ዳበሰ፣ የቁልፉን ቤት በጥፍሩ ሞከረ፣ መልሶም ሰቀለው። መጥፎ አይደለም አለ። ይህ ሰው መጥፎ አይደለም ሲል የሰማው የለም፤ ሚስቱ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ከሰዓት በኋላ ማማው ላይ ወጡ። ሰፊው ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ ያንን ጠባብ ደረጃ ሁሉ ወጣው። ከላይ ሆና ሚስቱ ቁልቁል ስታይ መጀመሪያ የጫማ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ዓይኗ ገባ፣ ቀጥሎም ከሰሌዳው በላይ ያለው መስኮት። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ቢጫ መጋረጃ ወጣ ገባ ይላል። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። እዚያ ናት ብትል ያበቃ ነበር። ግን ባይሆንስ፣ እምቢ ብሎ በዚያው አውቶቡስ ልሳፈር ቢልስ፣ የልጅቷን የጠገገ ቁስል ዳግም ብትከፍተውስ ብላ ፈራች። ዞር ስትል ሰፊው አጠገቧ ቆሞ በዚያው አቅጣጫ ቁልቁል ይመለከታል። ነፋሱ በረታ እንውረድ አላት።

ቅዳሜም እንዲሁ አለቀ። ለፖስታ ቤት ሙዚየሙ ጠባቂ የሳምንቱ የመጀመሪያ እንግዶች ነበሩ መሰለኝ፣ ሰውዬው ደስ ብሎት ስለ ቴምብር አንድ ሰዓት ተኩል አስረዳቸው። ሲሄዱም ሲመለሱም በልጅቷ መንገድ አፍ አለፉ። ሁለቱንም ጊዜ ሚስቲቱ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰፊው አብሯት ቀነስ አደረገ፤ ሁለቱንም ጊዜ ልቧ ከዳትና ሄዱ። ኬክ ቤት ተቀምጠው ክሬሙን በማንኪያ እያማሰለች፣ ደብተሩ ላይ የቀረ ስፍራ እንደሌለ አየች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሷ ግን ወረቀት የያዘውን ሁሉ ፈጽማ ዋናውን ሳትይዝ ልትመለስ ነው።

እሁድ ጠዋት ሻንጣ አዘጋጀች። አውቶቡሱ የሚነሳው ከምሳ በኋላ ነው። ሰፊው ኮቱን ለብሶ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ካርታውን ከሻንጣው ኪስ አውጥቶ ዘረጋውና መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ፀሐይዋ ከኋላ መታችው፤ ስፒሎቹ የነበሩበት ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን አወጣ።

«እስቲ ነይ» አላት። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ካርታ ነዋ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት አብረሽኝ ሰፍተሽ?» ጣቱን በብርሃን ነጥቦቹ ላይ ቀስ አድርጎ አዞረው። ነጥቦቹ ዙሪያውን ይከቡና መሐሉን ባዶ ይተዉታል። «ይኼ እጅጌ የሚገጠምበት ቀዳዳ ነው። ሱቅ ውስጥ ገና እንዳየሁት አወቅኩት። ቀዳዳውን ከፍተሽ እጅጌውን የት ጣልሽው? ሦስት ቀን ሙሉ ዛሬ ታመጪዋለሽ፣ ነገ ታመጪዋለሽ እያልኩ ስጠብቅሽ።»

ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እያወቅክ ነው የመጣኸው አለችው።

«ዛሬ እሁድ ነው» አላት ሰፊው፣ ፊቱን ከካርታው ሳያነሳ። «ዛሬስ ከምሳ በኋላ የት ሄጄ ዞር ዞር ልበልልሽ? በዚህ ጉልበቴ ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ናፍቆኝ የምወጣ መሰለሽ?»

ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ የገባት። ይህ ሰው እሁድ እሁድ የገዛ ቤቱን በር ያንኳኳ ነበር። የበሩን ቁልፍ በኪሱ ይዞ፣ እንደ እንግዳ ደጅ ቆሞ፣ ስልኩን ዘግታ ሽንኩርቷን እስክታነሳ ይጠብቃት ነበር። የልጁንም አድራሻ የሰማው ከዚያው ደጅ ሆኖ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ቁልፉን ለምን አትጠቀምም አላለችውም። እንባዋ መጣ፣ ሳቋም አብሮ መጣ፤ የቱን አስቀድማ የቱን እንደምታስከትል ቸገራት።

ታዲያ ለምን አልሄድክላትም አለችው።

«ምን ብዬ?» አላት። «ጨርቅ ሲበላሽ ይፈታል። ቃል በምን ይፈታል?» ሰፊው የኮቱን ኪስ ዳበሰ፤ የፈለገው ነገር እዚያው እንዳለ ሲያረጋግጥ፣ ደብተርሽን ያዢና ውጪ አላት።

የጫማ ጠጋኙ ሱቅ ለእሁድ ተዘግቶ ነበር። ደረጃውን ሲወጡ ከፊት የቀደመው እሱ ነው። በሩ ፊት ሲደርሱ ግን ቆመ፤ እጁን አነሳና አወረደ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ እንደገና አነሳ። በሦስት ዓመት ውስጥ በር ማንኳኳት የለመደ ሰው ይህን በር ማንኳኳት አቃተው። ሚስቱ ልታግዘው እጇን ስትሰነዝር አንኳኳ።

ልጅቷ ከፈተች። ቀሚሷ ላይ የክር ቁራጭ ተለጣጥፏል፣ ሜትር ከአንገቷ ተንጠልጥሏል፣ በከንፈሮቿ መሐል አራት ስፒል ይዛለች። ያን ስፒል በከንፈር የመያዝ አመል አባቷ ስንት ጊዜ ተቆጥቷት አልተወችውም። እናቷን አየች፣ አባቷን አየች። አፏን መክፈት አልቻለችም፤ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች እጅጌዋ ላይ ሰካች፣ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ከጀርባዋ መስቀያ ላይ ትልቅ ትንሽ ተብለው የተሰፉ ቀሚሶች ተደርድረዋል። ሰፊው በትከሻዋ በኩል አያቸው። ዓይኑን መልሶ እሷ ላይ አደረገ።

«ልክሽን ልወስድ ነው የመጣሁት» አላት። ከኪሱ ሜትሩን አወጣ። «ካደግሽ ወዲህ አልለካሁሽም።»

ልጅቷ ሜትሩን አይታ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ ደንበኛ እንደሚያደርገው፣ ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ከፍ አደረገች።

ሰፊው ቀረበ። ሜትሩን በጀርባዋ ለማዞር እጆቹን ዘረጋ፤ ለካ ሰው ሲለካ መጀመሪያ የሚደረገው ማቀፍ ነው። ሜትሩ ከጣቶቹ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። እጆቹ ግን የተጠመጠሙበት ቀሩ፤ የልጅቷም እጆች ቀስ ብለው በአባቷ ትከሻ ላይ ወረዱ። «ቁልፌ» ሲል ተሰማ፣ ድምፁ ኮሌታዋ ውስጥ ሰምጦ።

እናት ደጃፉ ላይ፣ እንደ ልማዷ፣ ደብተሩን ከፍታ እርሳሷን ይዛ ቆማለች። እጇ ያለ እሷ ፈቃድ ነው ያን ያደረገው። ቁጥሩ እስኪጠራላት ጠበቀች። አልተጠራም።

«ስንት ልበል?» አለች በመጨረሻ፣ እንባዋን በእጇ አንጓ እየጠረገች።

«ቁጥር አትጻፊ» አላት ሰፊው፣ ከልጁ ትከሻ ቀና ሳይል። «ልክ ናት ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈችው። ስፍራ ስላልነበረ፣ ከፖስታ ቤት ሙዚየሙ በታች፣ የገጹ ጠርዝ ላይ ጻፈችው።